በመኪና ለአጭር ዕረፍት ስንወጣ ማረፊያችን የት ይሁን?

(በወርኃዊው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠኝ ርእስ በፈረንሳይ ገጠር በመኪና አጭር ዕረፍት ለማድረግ ማረፊያ እንዴት ይመረጣል የሚል ነው። ዐዋቂ ሆኜ አይደለም የቆምኩት። እውነቱን ልንገራችሁና፣ ኮሚቴው እኔን የመረጠኝ በዚህ ነገር እንደ እኔ የተሳሳተ ሰው በሰፈሩ ስለሌለ ይመስለኛል። (ሣቅ)

ስለዚህ ከስሕተቱ ልጀምር። ካቻምና እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። የተፈቀደላት 30 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ እኔ ከሥራ ነፃ የምሆነው በዕርገት በዓል በሚገኙት አራት ቀናት ብቻ ነበር። እንደምታውቁት በፈረንሳይ ዕርገት ሁልጊዜ ሐሙስ ይውላል፤ ዓርቡን የወሰደ ሰው እስከ እሑድ ያርፋል። እነርሱ ይኸንን «ፖን» ይሉታል፣ ድልድይ ማለት ነው። እኔም በዚያ ድልድይ ላይ እናቴን አሳፍሬ አገር ላሳያት ተነሣሁ።

እናቴ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሮካማዱር በሚባል ቦታ፣ በገደል ላይ በተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከእንጨት የተቀረጸች ጥቁር የእመቤታችን ምስል እንዳለች ከምእመናን ሰምታለች። «እሷን ብሳለም ይበቃኛል» አለች። እኔ ግን አልበቃኝም። ይኸ ሁሉ መንገድ ተሂዶ አንድ ነገር ብቻ? አልኩና የሐሙስን ሌሊት ቱር፣ የዓርብን ሳርላ፣ የቅዳሜን ደግሞ የመመለሻው መንገድ እንዲያጥር ብዬ ሊሞዥ ያዝኩ። ሦስት ሌሊት፣ ሦስት አልጋ። በወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ፕሮግራም ነበር።

የሆነው እንዲህ ነው። በየማለዳው ሻንጣ ማሰር፣ በየማታው ሻንጣ መፍታት። ቅዳሜ ሮካማዱር የደረስነው ልክ እኩለ ቀን ላይ ነው። በሥሩ ያለው የመኪና ማቆሚያ ሞልቷል። ከመንደሩ ጎዳና እስከ መቅደሱ 216 ደረጃ አለ፤ የጥንት ተሳላሚዎች በጉልበታቸው ይወጡት ነበር ይባላል። የእናቴ ጉልበት ደግሞ የኮንዶሚኒየማችንን ሁለተኛ ፎቅ እንኳ በስንት ዕረፍት ነው የሚወጣው። ሊሞዥ ያለው ሆቴል ማታ በተወሰነ ሰዓት በሩን ስለሚዘጋ የነበረን ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። እናቴ መኪና ውስጥ ሆና ወደ ላይ አይታ፣ አማትባ፣ «በቃ፣ ከዚህም ትሰማኛለች» አለች። ሄድን።

በኋላ ቤት ገብቼ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ከመንደሩ እስከ መቅደሱ የሚያወጣ አሳንሰር አለ። ከላይ በግንቡ በኩል ለሚመጣም ሌላ አለ። አሳንሰር የሚለውን ቃል እኮ ከራሳቸው ከፈረንሳዮቹ የወሰድነው ነው! ቀና ብሎ ማንበብ ወይም አንድ ባለሱቅ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ግን ሊሞዥ ይጠብቀኛል። እሑድ ማታ ቤታችን ስንደርስ መኪናው 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ነበር። እናቴ ምንም አላለችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ያሰላሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ አራት ቀን አራት ቀን አይደለም። ሐሙስ መንገድ ነው፤ እሑድም መንገድ ነው። ሙሉ የሚባለው ዓርብና ቅዳሜ ብቻ ነው። በእነዚያ በሁለቱ መካከል ማረፊያ ለወጣችሁ ማለት ደግሞ፣ ክፍል ማስረከብ፣ መጫን፣ አዲሱን ቤት መፈለግ፣ ቁልፍ መቀበል አለና፣ ከሁለቱ ቀን ግማሹን ጣላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ለአጭር ዕረፍት አንድ ማረፊያ፣ አንድ አልጋ። የጥንት ነገሥታት እንኳ ሲዘምቱ በየደረሱበት ድንኳን የሚተክሉት ሠራዊቱን ለማንቀሳቀስ ነበር፤ እኛ የምናንቀሳቅሰው ሠራዊት የለንም። ሰፈር ይዞ፣ ከሰፈር እየወጡ መግባት ነው የሚያዋጣን።

ሁለተኛ፣ ርቀቱ ከሌሊቱ ቁጥር ጋር ይመጣጠን። የኔ መለኪያ ለአንድ ሌሊት የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሦስት ሌሊት ካላችሁ እስከ ስድስት ሰዓት ብትነዱ ያስኬዳል፤ ሁለት ሌሊት ከሆነ ከአራት ሰዓት አትለፉ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ያለው ሰው ዶርዶኝ ድረስ ምን አስሮጠው? ከፓሪስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነድቶ አቫሎን ያድር። ቬዝሌ ያለው ታላቁ ባዚሊክ ከዚያ 15 ኪሎ ሜትር ነው። በ1146 ቅዱስ በርናር የሁለተኛውን የመስቀል ጦርነት የሰበከበት ቦታ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምናገረው።) ለአንድ ሌሊት ከበቂ በላይ ነው።

ሦስተኛው ነገር የሳህኑ ዘዴ ነው። ኮሚቴው ካርታ እንዳመጣ የጠየቀኝ ለዚሁ ነው።

ይኸ የሚሽለን የክፍለ አገር ካርታ ነው፣ ልኩ 1 ለ200,000። አንድ ሳንቲ ሜትር ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ነው። በስልክ የሚታየው ካርታ መንገድ ለመምራት ጥሩ ነው፤ ማረፊያ ለመምረጥ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም አገሩን በአንድ ጊዜ ዘርግቶ አያሳይም። አሁን ይኸን የእራት ሳህን ተመልከቱ። ስፋቱ 26 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 13፣ ማለትም 26 ኪሎ ሜትር። ጠመዝማዛው የገጠር መንገድ ሲጨመርበት ከመሐሉ ወደ ጠርዙ ለመድረስ ቢበዛ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሳህኑን ካርታው ላይ ወዲያና ወዲህ አንሸራትቱት። ልታዩ የምትፈልጉት ነገር ሁሉ ከሥሩ ሲገባ መሐሉ ላይ ያለችው ከተማ ማረፊያችሁ ናት። ከጠርዙ የወጣውን ለሌላ ዓመት ተዉት። እውነቱን ለመናገር ከባዱ ሥራ ይኸ መተዉ ነው።

አምና ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር በዚህ ዘዴ ሄድን። ልጆቹ የፈለጉት ዋሻና ግንብ ነው። ሳህኑን ሳሳርፈው መሐሉ ሴን ሲፕሪየን ላይ ዋለ፣ በዶርዶኝ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ። ከሥሩ ምን ምን ገባ? በስተምሥራቅ ቤናክና ካስቴልኖ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት ግንቦች። በመቶው ዓመት ጦርነት፣ ከ1337 እስከ 1453 በነበረው፣ አንዱ ከፈረንሳይ፣ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ከእንግሊዝ ወገን ሆኖ ሲፋጠጡ የኖሩ ናቸው። እዚያው ካስቴልኖ አጠገብ የሚላንድ ግንብ አለ፣ የጆሴፊን ቤከር ቤት የነበረው። ጥቁር አሜሪካዊት ዘፋኝ ናት፤ ግንቡን በ1947 ገዝታ ከየዓለሙ የመጡ 12 ልጆች በጉዲፈቻ አሳድጋበታለች። ገንዘቡ አልቆ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቤቱ ተሸጠባት፤ በ2021 ደግሞ ፈረንሳዮች ታላላቆቻቸውን በሚያከብሩበት በፓንቴዎን ስሟን አኖሩት። ትልቋ ልጄ ከዚያ ቤት አልወጣም ብላ አስቸግራን ነበር።

በስተሰሜን ደግሞ የቬዜር ሸለቆ አለ። ሌ ዜዚ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሞንቲኛክ ከአንድ ሰዓት ያነሰ። ይኸ ሸለቆ በዩኔስኮ መዝገብ የገባው በ1979 ነው፤ የእኛ ላሊበላ በገባ በዓመቱ ማለት ነው። ስለ ላስኮ ዋሻ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ዕወቁ። በ1940 በመንደር ልጆች የተገኘው እውነተኛው ዋሻ ከ1963 ጀምሮ ለሕዝብ ዝግ ነው፤ የጎብኚው ትንፋሽ ሥዕሎቹን ስላበላሸ ነው የተዘጋው። አሁን የሚጎበኘው በ2016 የተከፈተው በልኩ የተሠራ ቅጂ ነው። እኔ ቅጂ ነው ብዬ ንቄው ነበር፤ ገብቼ ሳየው አፌን ያዝኩ። እውነተኛውን የጥንት ሥዕል ካልሆነ የሚል ሰው ሌ ዜዚ የሚገኘውን ፎን ደ ጎም ዋሻ ይግባ፤ ብቻ በቀን የሚገባው ሰው በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ አስቀድሞ ቦታ መያዝ አለበት።

እንግዲህ ለምን ሳርላ ራሷ ላይ አላረፋችሁም ትሉኝ ይሆናል። ሳርላ እጅግ ያማረች ከተማ ናት፤ ቅዳሜ ገበያዋን ሳያዩ መመለስ አይገባም። ግን ሲኖሩባትና ሲያዩዋት ለየቅል ነው። ሲመሽ መኪና የምታቆሙበት የለም፤ ጧት ደግሞ ከሁሉ ሰው ጋር ተሰልፋችሁ ነው የምትወጡት። ከዚያም የባሰው «እጅግ ውብ መንደሮች» የሚል ሰሌዳ የተተከለባቸው ትንንሽ መንደሮች ናቸው። ማኅበራቸው በ1982 ሲቋቋም ዓላማው መንደሮቹ እንዳይሞቱ ነበር፤ አልሞቱም፣ ይልቁንስ አውቶቡሱ አጥለቀለቃቸው። እነርሱ የሚታዩ እንጂ የሚታደሩ አይደሉም ባይ ነኝ። ማታ አውቶቡሱ ሲሄድ አንድ ዳቦ ቤት እንኳ ክፍት ላታገኙ ትችላላችሁ።

ማረፊያ የሚሆነው ሰው በክረምትም የሚኖርበት ከተማ ነው። ፋርማሲ ያለው፣ ዳቦ ቤት ያለው፣ የገበያ ቀን ያለው። ሴን ሲፕሪየን እሑድ ጧት ገበያ አላት። ከአልጋችን ተነሥተን በእግራችን ገባንበት፣ የመኪና ቁልፍ ሳይነካ። (አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ገበያ በሚቆምበት ጎዳና ላይ በዋዜማው መኪና አታሳድሩ። ጎማችሁ ሥር ጎመን ተዘርግቶ ብታገኙት እንኳ ዕድለኞች ናችሁ፤ አለበለዚያ ተጎትቶ ይወሰዳል።)

ቤቱን ስትይዙ ከፎቶግራፉ ይልቅ ስልኩን እመኑ። ደውላችሁ ጠይቁ። «ዳቦ ቤቱ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» በሉ፣ ቅርብ ነው ወይ አትበሉ። ቅርብ ያልሆነ ቤት የሚያከራይ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። «አልጋው ያለው በስንተኛ ደረጃ ላይ ነው?» በሉ። «ሰኞ ማታ ምግብ የሚሸጥ ቤት አለ?» በሉ፤ ሰኞ በገጠር ብዙው ቤት ዝግ ነው። ምሳም ቢሆን በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል ካልተቀመጣችሁ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፤ በ9 ሰዓት ደርሶ ሳንድዊች ፍለጋ መንከራተት የታወቀ የእኛ ሰው ዕጣ ነው።

የቤቱን ዓይነት በተመለከተ ሁለት ነው ምርጫው። ሻምብር ዶት የሚባለው በሰው ቤት ውስጥ ያለ መኝታ ነው፤ በሕጉ ከ5 ክፍል አይበልጥም፣ ቁርሱም በዋጋው ውስጥ ነው። ዢት የሚባለው ደግሞ ራሱን የቻለ ቤት ነው፣ ከነወጥ ቤቱ። በሐምሌና በነሐሴ ዢቱን ብዙ ጊዜ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ካልሆነ አያከራዩትም፤ በግንቦት፣ በሰኔና በመስከረም ግን ለሦስት ሌሊት የሚሰጥ ይገኛል። ለአጭር ዕረፍት ቀላሉ ሻምብር ዶት ነው። ሆኖም ጾመኛ ያላችሁ ቤት ዢቱን ፈልጉ። በነሐሴ የምትወጡ ሰዎች ፍልሰታ ላይ ነው የምትወድቁት፣ በእነርሱ ከኦገስት 7 እስከ 22። ያ አገር ደግሞ የዳክዬና የዝይ አገር ነው። ድንች ብቻ ስጡኝ ብትሉ እንኳ ድንቹ የተጠበሰው በዳክዬ ስብ ነው! ወጥ ቤት ካለ ግን ከገበያው ባቄላው፣ ቲማቲሙ፣ እንጆሪው፣ የዋልነት ዘይቱ ሞልቷል። ሽሮውን ከቤት መያዝ ነው። የዕርገቱ ድልድይ ግን፣ የእነርሱና የእኛ ፋሲካ በሚቀራረቡባቸው ዓመታት፣ በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለሚውል ዓርቡም ቢሆን አያሳስብም።

ስለ መንገዱ ባጭሩ። ከኦርሌያን ወደ ቪየርዞን ድረስ ያለው ፈጣን መንገድ ክፍያ አለው፤ ከቪየርዞን እስከ ብሪቭ ያለው ኤ 20 ግን ነፃ ነው። በፈጣን መንገድ 130፣ ሲዘንብ 110። በተራው የገጠር መንገድ ከ2018 ጀምሮ 80 ነው፤ አንዳንድ ክፍላተ አገር ወደ 90 መልሰውታልና ሰሌዳውን ተመልከቱ። የመንደሩን ስም የያዘው ሰሌዳ ራሱ «50» ማለት ነው፣ ቁጥር ባይጻፍበትም። ስንቱ ሰው ይኸን ባለማወቅ ቅጣት ከፍሏል። በመንደር ውስጥ ምልክት ከሌለ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ስጡ፣ አሮጌ ትራክተር ቢሆንም። ቀኑን ለመምረጥ ደግሞ ቢዞን ፉቴን ስሙ። በ1975 ነሐሴ መግቢያ ላይ መንገዱ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ በ1976 የተጀመረ የመንግሥት ማስታወቂያ ነው፤ ዛሬም ቀናቱን አረንጓዴ፣ ብርቱካን፣ ቀይና ጥቁር እያለ አስቀድሞ ይነግራል። በድልድዩ ዋዜማ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከፓሪስ አትውጡ። ሐሙስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ተነሡ።

አሁን ከፊት የተቀመጡት እማማ ቀደም ብለው በጆሮዬ የጠየቁኝን በሁሉ ፊት ልመልስ። «ታዲያ አምና በሳህኑ ስትሄድ ሮካማዱርን አየሃት ወይ?» ነው ያሉኝ። አላየኋትም እማማ። ከሴን ሲፕሪየን ሳህን ውጪ ናት። ልጆቹን ይዤ ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መንዳት ነበረብኝ፤ ተውኳት።

ግን እናቴ ዘንድሮ ለዕርገት ትመጣለች። ስለዚህ ሳህኑን እንደገና አነሣሁትና ወደ ምሥራቅ ገፋሁት፣ በዚህ ጊዜ ከእሷ ፍላጎት ተነሥቼ። መሐሉ ሱያክ ላይ ሆነ። ሱያክ ስሟ ብዙ የማይነሣ ከተማ ናት። ኤ 20 ከአጠገቧ ያልፋል፤ ከዚህ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዓርብ ገበያ አላት። በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ የማርያም ገዳም ቤተ ክርስቲያንም አላት፤ በሩ ላይ የተቀረጸው ነቢዩ ኢሳይያስ እየዘለለ ይመስላል። ሮካማዱር ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ሳርላ እንኳ በሌላው ጠርዝ ገብታለች፤ ብንደርስባት ደርሰን ነው፣ ባንደርስም ግድ የለም። ሦስት ሌሊት አንድ ሻምብር ዶት ይዣለሁ፣ ደረጃ የሌለው፣ ዳቦ ቤቱ በእግር አራት ደቂቃ የሆነ። አራት ደቂቃ በእናቴ እግር ስንት እንደሚሆን አላውቅም።

ዓርብ ጧት በማለዳ፣ አውቶቡሶቹ ሳይመጡ፣ ከላይ በግንቡ በኩል መኪናውን አቁመን በአሳንሰሩ እንወርዳለን። ቅዳሜን ባዶ ትቼዋለሁ። ዓርብ ቢዘንብ ወይም ቢደክማት ቅዳሜ አለን።

ካርታውና ሳህኑ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ይቆያሉ፤ ከሻይ በኋላ እየመጣችሁ አንሸራትቱ። ካርታውን ለመዋስ የሚፈልግ ከማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ባለው መዝገብ ላይ ስሙን ይጻፍ። ብቻ ከዕርገት በፊት ባለው ሳምንት ለእኔ ይመለስልኝ። ሳህኑ የባለቤቴ ነው፤ እሱን ዛሬውኑ ይዤ እገባለሁ።